የደነደነ የእግር ቆዳ፦ ሲያምም ሳያምምም ምን እናድርግ?

(በካኩማ ካምፕ በሬዲዮ የተላለፈ የጤና ንግግር። አንብባችሁ ስትጨርሱ እባካችሁ ለጎረቤት አስተላልፉት፤ ማንበብ ለማይችሉም አንብቡላቸው።)

የዛሬው ርእሳችን ስለ እግር ነው። በተለይም የስኳር በሽታና ሌላ የቆየ ሕመም ያለባቸው ሰዎች በውስጥ እግራቸው፣ በተረከዛቸውና በጣቶቻቸው ላይ ስለሚወጣው የደነደነ ቆዳ እንነጋገራለን። ብዙዎቻችን ይህን ነገር እንደ ሕመም አንቆጥረውም። «እግሬ ደነደነ፣ እርጅና ነው፣ የካምፕ ኑሮ ነው» ብለን እናልፈዋለን። የምንቆጥረው ስንሆን ደግሞ ምላጭ እናነሣለን። ሁለቱም አደገኛ ናቸው።

በቅርቡ ያየሁትን ልንገራችሁ። ባለቤቷ ለሌሎች መማሪያ እንዲሆን ንገሪ ብለው ፈቅደውልኛል። እንጀራ እየጋገሩ የሚሸጡ አንዲት እናት አስጠሩኝና ስሄድ አዲስ ምላጭ ከነወረቀቱ አስቀምጠው ጠበቁኝ። «ልጄ፣ ነርስነት ተምረሽ የለ? ይኸ ተረከዜ ቆሜ አላስጋግር አለኝ፤ ቆርጠሽ አንሺልኝ» አሉኝ። የስኳር በሽታ ካለባቸው ዘጠኝ ዓመት ሆኗቸዋል። አልቆርጥም ስላቸው ቅር አላቸው። «ታዲያ ምን ተማርሽ?» አሉኝ።

እግራቸውን አጥበን በብርሃን አየነው። የሚያማቸው ተረከዛቸው ደርቆ ተሰነጣጥቋል። በአውራ ጣታቸው ሥር ግን ሌላ የደነደነ ቆዳ አለ፤ መሐሉ ላይ ምስር የምታክል ጥቁር ነጥብ ይታያል። «ይህስ ያምዎታል?» አልኳቸው። «እሱስ ምንም አይለኝ» አሉ። በማግስቱ ክሊኒክ አብረን ሄድን። ነርሱ በንጹሕ መሣሪያ ደንዳናውን ቆዳ ቀስ እያለ ሲያነሣ ከሥሩ የተከፈተ ቁስል ተገኘ። የሚያማቸው ተረከዙ ነበር፤ ቁስሉ ግን ከማያማቸው ቦታ ተገኘ።

እኔም የማልሸሽገው ጥፋት አለብኝ። ከዚያ በፊት ሁለት ጊዜ እቤታቸው ሄጄ መድኃኒታቸውን ጠይቄ፣ ግፊታቸውን ለክቼ ተመልሻለሁ። ጫማዎን ያውልቁ ብዬ አላውቅም ነበር። ከዚያ ወዲህ ግን የስኳር ሕመምተኛ ያለበት ቤት ስገባ ከሰላምታ ቀጥሎ የምጠይቀው እግር ነው።

ቆዳ ለምን ይደነድናል?

ቆዳችን ጫና ወይም መፈግፈግ ሲበዛበት ራሱን ለመከላከል ይወፍራል። ገበሬ እጁ ላይ፣ ውኃ ቀጂ ትከሻዋ ላይ እንደሚደነድነው ማለት ነው። ጤነኛ ሰው እግሩ ቢደነድን አብዛኛውን ጊዜ ክፉ ነገር አይከተልም። ሲበዛ ይጎረብጠዋል፣ ያመዋል፤ ስለሚያመውም ጫማ ይቀይራል፣ አረጋገጡን ያስተካክላል፣ ያርፋል።

የስኳር በሽታ ለረጅም ጊዜ ሲቆይና በደም ውስጥ ያለው ስኳር ከፍ ብሎ ሲኖር ግን ነርቮች ይጎዳሉ። ጉዳቱ የሚጀምረው ከሁሉ ርቀው ካሉት ከእግር ጣቶች ነው፤ ከዚያ ቀስ እያለ ወደ ላይ ይወጣል። ተረከዝ እያመመ ጣት የሚደነዝዘውም በዚህ ምክንያት ነው። ነርቭ ሲጎዳ ሦስት ነገሮች ይሆናሉ፦

1. ስሜት ይቀንሳል። ጠጠር፣ እሾህ፣ ሙቀት፣ የጠበበ ጫማ አይታወቅም።
2. የእግር ትንንሽ ጡንቻዎች ይደክማሉ። ጣቶች እንደ ጥፍር ቆልመም ይላሉ፤ በጣቶች ሥር ያለው አጥንት ወደ ታች ይገፋል፤ ጫናው በአንድ ቦታ ይበዛል።
3. የእግር ላብ ይቀንሳል። ቆዳው ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል፣ ቶሎ ይደነድናል።

ከዚያ በኋላ የደነደነው ቆዳ መከላከያ መሆኑ ቀርቶ ራሱ ጠጠር ይሆናል። በጫማ ውስጥ ጠጠር ይዞ ቀኑን ሙሉ መሄድ ማለት ነው። ከሥሩ ያለው ለስላሳ ሥጋ ይጨፈለቃል፣ ይደማል፣ ይቆስላል፤ ከላይ ግን ክዳን ስላለው አይታይም። በጥናት እንደተለካው ደንዳናው ቆዳ በባለሙያ ሲነሣ በዚያ ቦታ ላይ የሚያርፈው ጫና በአንድ አራተኛ ያህል ይቀንሳል። ስለዚህ መነሣት አለበት። ጥያቄው ማን ያንሣው፣ በምን ያንሣው የሚለው ነው።

ሌላው ጉዳይ የደም ሥር ነው። ስኳር፣ የደም ግፊትና ሲጋራ ወደ እግር የሚወርደውን የደም ሥር ያጠብባሉ። ደም በደንብ ካልደረሰ ትንሿ ጭረት እንኳ አትድንም።

ይህ ችግር የስኳር ሕመምተኞች ብቻ አይደለም። ሥጋ ደዌ የነርቭ ጉዳት ትቶባቸው የዳኑ ሰዎች፣ የእግር መገጣጠሚያቸው በቁርጥማት የተጣመመ፣ በስትሮክ አንድ ጎናቸው የደከመ፣ ኩላሊታቸው የታመመ ሰዎችም ይገኙበታል። ኤች አይ ቪ በደማቸው ያለባቸው ሰዎችም እግራቸው ሊደነዝዝ ይችላል። በተለይ ስታቩዲን የሚባለውን የድሮ መድኃኒት ለብዙ ጊዜ የወሰዱ ሊጠነቀቁ ይገባል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2009 እ.ኤ.አ. አገሮች ይህን መድኃኒት እንዲተዉ የመከረው ነርቭን ጨምሮ ሰውነትን ስለሚጎዳ ነው።

ሕመም ጠባቂያችን ነው

በሕንድ አገር በቬሎር ሆስፒታል የሠሩ ፖል ብራንድ የሚባሉ ሐኪም ነበሩ። ከ1914 እስከ 2003 እ.ኤ.አ. የኖሩ ሰው ናቸው። በእሳቸው ዘመን ብዙ ሰው የሥጋ ደዌ ሕመምተኛ ጣት የሚጎድለው ሥጋው በራሱ ስለሚበሰብስ ነው ብሎ ያምን ነበር። እሳቸው ግን ሕመምተኞቹን ቀርበው ተከታትለው ነገሩ ሌላ መሆኑን አሳዩ። ሥጋው ደኅና ሥጋ ነው፤ የጎደለው የሕመም ስሜት ነው። ስለማያማቸው በቆሰለ እግር ይሄዳሉ፣ ትኩስ ነገር በእጃቸው ይይዛሉ፣ ቁስሉም እየሰፋ ይሄዳል። ዛሬ የስኳር ሕመምተኛን እግር ለመጠበቅ የምንጠቀምበት ብዙው ዕውቀት የመጣው ከሥጋ ደዌ ሕክምና ነው። በአዲስ አበባ በ1965 እ.ኤ.አ. የተመሠረተውን አለርትን ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ፤ እሱም ለዚሁ ሕክምናና ሥልጠና የተቋቋመ ነው።

ስለዚህ የደነደነ እግራችሁ የሚያማችሁ ከሆነ ነርቩ ገና እየሠራ ነው፤ ሕመሙን ስሙት፣ መፍትሔ ፈልጉ። ያምም የነበረው ምንም ሳታደርጉለት ማመሙን ካቆመ ግን ዳነ ብላችሁ አትደሰቱ፤ አስመርምሩት። ሌሊት ሌሊት የሚያቃጥል፣ እንደ መርፌ የሚወጋ ሕመም ደግሞ ከደነደነው ቆዳ ሳይሆን ከነርቩ ሊሆን ስለሚችል ቆዳውን ብታነሡትም አይጠፋም። ለእሱ መድኃኒት ስላለ ለሐኪም ንገሩ።

በቤታችሁ የምትሠሩት ምርመራ

እግራችሁ ስሜት እንዳለው ለማወቅ መሣሪያ አያስፈልግም። የቤተሰብ ሰው እንዲህ ያድርግላችሁ፦

ሕመምተኛው ጋደም ብሎ ዓይኑን ይጨፍን። ቀኝና ግራው የቱ እንደሆነ አስቀድማችሁ ንገሩት። ከዚያ በጠቋሚ ጣታችሁ ጫፍ የአውራ ጣቱን፣ የመካከለኛውን ጣትና የትንሿን ጣት ጫፍ፣ በሁለቱም እግር፣ በየተራ ነካ አድርጉ። መንካቱ በጣም ቀላል ይሁን፤ ከአንድ እስከ ሁለት ሰከንድ ብቻ ይቆይ። አትጫኑ፣ አትውጉ፣ አታሹ። ሕመምተኛው ሲሰማው «ቀኝ» ወይም «ግራ» ይበል። አንዱን ጣት ደግማችሁ አትንኩ።

ስድስት ቦታ ነካችሁ ማለት ነው። ከስድስቱ ሁለት ወይም ከዚያ በላይ ካልተሰማው እግሩ ስሜት ቀንሷል ብላችሁ ያዙ፤ ወደ ክሊኒክ ይዛችሁት ሂዱ። ያቺ እናት ከስድስቱ የተሰማቸው ሁለቱ ብቻ ነበሩ።

ስሜት ያለው እግር እንዴት ይያዝ?

ስሜቱ ሙሉ የሆነ፣ ቁስል የሌለበት፣ የደም ሥሩ ጤነኛ ነው የተባለ ሰው በቤቱ እንዲህ ሊያደርግ ይችላል፦

• እግሩን ለብ ባለ ውኃ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ይዘፍዝፍ። ውኃውን አስቀድሞ በክርኑ ይፈትን።
• በእግር መሞረጃ ድንጋይ ወይም ሸካራ ጨርቅ ቀስ አድርጎ፣ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ይፈግፍገው። በአንድ ቀን ለመጨረስ አይሞክር፤ በየጥቂት ቀኑ ትንሽ ትንሽ ይበቃል። ቢቀላ ወይም ቢያም ወዲያው ያቁም።
• አድርቆ ቫዝሊን ወይም የምግብ ዘይት ይቀባ፤ በጣቶች መካከል ግን አይቀባ።
• የእግር ድንጋዩን ከሌላ ሰው ጋር አይጋራ።
• ጫማውን ይመርምር። የጠበበው ጫማ ካልተለወጠ የተነሣው ቆዳ ተመልሶ ይመጣል።

ስሜቱ የቀነሰ እግርስ?

የደነዘዘ እግር ያላችሁ ወገኖች እግራችሁን አትዘፍዝፉ፣ አትሞርዱ፣ አትቁረጡ። ቆዳውን የሚያነሣው በክሊኒክ ያለ የሠለጠነ ባለሙያ ነው። የእናንተ ሥራ በየቀኑ የሚከተለው ነው፦

• በጠዋትና በማታ እግራችሁን እዩ። ውስጥ እግራችሁ የማይታያችሁ ከሆነ መስታወት መሬት ላይ አስቀምጡ ወይም ልጅ ያይላችሁ። ዓይናችሁ ደክሞ ከሆነ የግድ ሌላ ሰው ይይላችሁ።
• በየቀኑ ለብ ባለ ውኃና በሳሙና ታጠቡ። ውኃ ቢያጥር አንድ ሊትር ይበቃል። ሙቀቱን የሚፈትነው ስሜት ያለው ሰው ይሁን።
• በጣቶች መካከል በደንብ አድርቁ። ለሶላት ውዱ የምታደርጉ ሁሉ በቀን ብዙ ጊዜ ስለምትታጠቡ ይህን አትርሱ።
• ተረከዛችሁንና ውስጥ እግራችሁን ቅቡ፤ በጣቶች መካከል አትቀቡ።
• ቤት ውስጥም ሆነ ውጭ በባዶ እግር አትሂዱ። ማዜንጌ የምንለው ዛፍ እሾህ ቀጭን ጫማ ይበሳል።
• ጫማ ከማጥለቃችሁ በፊት ገልብጣችሁ አራግፉ፤ ውስጡንም በእጃችሁ ዳብሱ። ጠጠር፣ ምስማር፣ ጊንጥ ሊኖር ይችላል።
• እግራችሁን ከከሰል ምድጃ አርቁ፤ ቡና ሲፈላም ቢሆን።

ከእነዚህ ነገሮች ተጠንቀቁ

ምላጭ፣ ቢላዋ፣ መቀስ። አንድ ጊዜ ጠልቆ ከገባ የማይድን ቁስል ይከፍታል። በጋራ የሚጠቀሙበት ምላጭ ደግሞ ኤች አይ ቪንና ሄፓታይተስ ቢን ያስተላልፋል። የዛገውም አዲሱም ቢሆን ቴታነስ ሊያስከትል የሚችል ቆሻሻ ወደ ሥጋ ያስገባል።

ቆዳ የሚያነሣ ፕላስተርና ፈሳሽ። በየሱቁ የሚሸጠው ይህ ነገር አሲድ አለበት። ደንዳናውን ከጤነኛው ቆዳ አይለይም፤ የማይሰማችሁ ከሆነ እስከ ሥጋ ድረስ ይበላል።

የፈላ ውኃ፣ ጨውና የባትሪ ውኃ። ብዙ ሰው «ሙቅ ውኃ በጨው ድካም ያወጣል» ይላል። በደነዘዘ እግር ላይ ግን ሳይታወቅ ይልጣል።

የቡና ዱቄት፣ የጥርስ ሳሙና፣ ነጭ ጋዝ በቁስል ላይ። አንድ ጎረቤታችን ተረከዛቸውን በምላጭ ቆርጠው ሲደማ ቡና ነሰነሱበት። ደሙ ስለቆመ፣ ስላላመማቸውም አሥር ቀን ያህል ሥራቸውን ሠሩ። ወደ ክሊኒክ የመጡት እግራቸው አብጦ ሲሸት ነው። ከካምፕ ውጭ ወዳለ ሆስፒታል ተልከው እግራቸው ከቁርጭምጭሚት በላይ ተቆረጠ። «አላመመኝም እኮ» እያሉ አሁንም ይገረማሉ።

ስለ ጫማ

ጫማ የምትለኩት ማታ ይሁን፤ እግር ቀን ውሎ ያብጣል። በጫማው ውስጥ ከረጅሙ ጣታችሁ ፊት ከ1 እስከ 2 ሳንቲ ሜትር ክፍት ይኑር። ጎኑ አይጭበጥ። ስሜት የሌለው ሰው ጠባብ ጫማ ይመርጣል፤ ምክንያቱም ሰፊው «ያልያዘው» ይመስለዋል። ስለዚህ በስሜት ሳይሆን በልክ ግዙ። ካርቶን ላይ ቆማችሁ እግራችሁን በእርሳስ አዙሩት፤ ቆርጣችሁ ጫማው ውስጥ አስገቡት። ካርቶኑ ከታጠፈ ጫማው ጠባብ ነው።

በጣት መካከል የሚገባ ነጠላ ጫማ ለደነዘዘ እግር አይሆንም፤ ጣት ይልጣል፣ ወልቆም አይታወቅም። ከጎማ የሚሠራ በረባሶ ከባዶ እግር በጣም ይሻላል፤ ነገር ግን ምስማሩ ወደ ውስጥ መብቀሉን በየቀኑ በእጃችሁ ፈትሹ፤ ለስላሳ ስፖንጅም ሙሉውን አንጥፉበት። ስፖንጁን መሐሉን ቀዳችሁ በቁስሉ ዙሪያ ቀለበት አታድርጉ፤ ጠርዙ ሌላ ቁስል ያመጣል። ካልሲ ስትለብሱ ንጹሕና ያልተቀደደ ይሁን፤ ላስቲኩ አያጥብቅ።

በዚያው ቀን ወደ ክሊኒክ የሚያስኬዱ ምልክቶች

• በደነደነው ቆዳ ውስጥ ጥቁር፣ ሰማያዊ ወይም ደም የመሰለ ነጥብ
• ማንኛውም ቁስል፣ ውኃ የቋጠረ ቆዳ፣ ጥልቅ ስንጥቅ
• መግል፣ ሽታ፣ ካልሲ ላይ የሚታይ እርጥበት
• አንድ እግር ብቻ ቢያብጥ፣ ቢቀላ፣ ቢሞቅ፤ ቁስል ባይኖርና ባያምም እንኳ፣ ምክንያቱም ውስጡ አጥንት ተሰብሮ ሊሆን ይችላል
• የጣት መጥቆር ወይም መቀዝቀዝ
• ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት

ስትሄዱ ቁስሉን በንጹሕ ጨርቅ ሸፍኑ፤ በእግራችሁ ሳይሆን ቢቻል በቦዳቦዳ ሂዱ። ነገ ቀጠሮ አለኝ፣ ሰኞ እሄዳለሁ አትበሉ። አስተርጓሚ ባይኖር እንኳ በስዋሂሊ «ኒና ኪሱካሪ፣ ኒና ኪዶንዳ ክዌንዬ ምጉ» በሉ፤ «ስኳር አለብኝ፣ እግሬ ላይ ቁስል አለ» ማለት ነው። «ጋንዚ» ማለት ደግሞ መደንዘዝ ነው። ወረፋው ረጅም ቢሆንም ይህን ስትናገሩ ቶሎ እንዲያዩአችሁ ጠይቁ።

ቁስል ባይኖርም ቀጠሮ ያስፈልጋል። የስኳር ሕመምተኛ ሁሉ እግሩን ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ ያስመርምር። ስሜቱ የቀነሰ ከ6 እስከ 12 ወር፣ ከዚህ ጋር እግሩ የተጣመመ ወይም የደም ሥሩ የጠበበ ከ3 እስከ 6 ወር፣ ከዚህ በፊት ቆስሎ የዳነ ደግሞ ከ1 እስከ 3 ወር ባለው ጊዜ ውስጥ ይታይ።

ከአድማጮች የመጡ ጥያቄዎች

ጥያቄ፦ ቤተ ክርስቲያን ጫማ አውልቀን ነው የምንገባው። እግሬ የደነዘዘ ነው፤ ምን ላድርግ?

መልስ፦ እዚህ የቀን ሙቀት ብዙ ጊዜ ከ35 ዲግሪ ያልፋል፤ አሸዋው ደግሞ ከአየሩ ይብሳል። ከሩቅ አታውልቁ፤ እስከ መግቢያው ድረስ አድርጋችሁ እዚያው አውልቁ። ውስጥ ወፍራም ንጹሕ ካልሲ ይኑራችሁ። ሲቻል መሬቱ ሳይግል በማለዳ ሂዱ፤ ስትመለሱ እግራችሁን እዩ። መስጊድ የምትሄዱም እንዲሁ አድርጉ።

ጥያቄ፦ ስኳሬን ባስተካክል የደነዘዘው እግሬ ይመለሳል?

መልስ፦ የሞተ ነርቭ ብዙውን ጊዜ አይመለስም። ስኳርን መቆጣጠር ግን ጉዳቱ እንዳይባባስ ያደርጋል፤ ቁስልም ቶሎ እንዲድን ይረዳል። መድኃኒታችሁን ሳታማክሩ አታቁሙ። ጾም ልትጾሙ ከሆነ አስቀድማችሁ ከሐኪም ጋር ተነጋገሩ። ሲጋራ የምታጨሱ ለእግራችሁ ስትሉ ተዉት።

ጥያቄ፦ ቁስል ካለብኝ እንዴት ሥራ ላቁም? የምንበላው በእሱ ነው።

መልስ፦ ይህ ከሁሉ የከበደው ጥያቄ ነው። ቁስል የሚድነው ሳይረገጥ ነው፤ በየቀኑ እየተረገጠ ማሰሪያ ቢቀየርለት አይድንም። ብቻችሁን አትወስኑ፤ ለቤተሰብ፣ ለጎረቤት፣ ለማኅበሩ ሽማግሌዎች ንገሩ። ራሽን የሚቀበልላችሁ፣ ውኃ የሚቀዳላችሁ ሰው ይመደብ። ያቺ እናት ሰባት ሳምንት ምጣድ አጠገብ አልቆሙም። ልጃቸው ከትምህርት መልስ፣ ጎረቤታቸው ደግሞ ጠዋት ጋገሩላቸው። ገቢያቸው ቀነሰ፤ እግራቸው ግን ዳነ። አሁን ወንበር አስጠግተው ቁጭ ብለው ይጋግራሉ። ምላጩንም ለእኔ መለሱልኝ።

የተከበራችሁ አድማጮቻችን፣ ሳይቃጠል በቅጠል ይባላል። ዛሬ ማታ ከመተኛታችሁ በፊት የምትሠሩት አንድ ሥራ ልስጣችሁ። የስኳር ሕመም ያለበት አባት፣ እናት ወይም ጎረቤት ካላችሁ ጫማቸውን አውልቃችሁ እግራቸውን በባትሪ ብርሃን እዩ። ስድስቱን ጣቶች ንኩ። ጥቁር ነጥብ ያያችሁ እንደሆነ ነገ ጠዋት ክሊኒክ ውሰዷቸው። በየሰፈሩ ያለነውን የማኅበረሰብ ጤና ሠራተኞችም ጥሩን፤ መጥተን እናያለን። ምላጭ ግን ይዘን አንመጣም።